የውስጡ ባትሪ

ከመታጠቢያ ቤት ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ስትወጣ አማቷ ወጥ ቤት ቆመው እንቁላል ሲልጡ አገኘቻቸው። አሮጊቷ የልብ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ምድጃ አጠገብ ደርሰው አያውቁም። ቁርሳቸውን የምታቀርብላቸው፣ መድኃኒታቸውን የምታቀብላቸው፣ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ምሳቸውን ሸፍና የምታስቀምጥላቸው እሷ ነበረች። ዛሬ ግን ዳቦው ተቆርጦ፣ ሻዩ ተቀድቶ፣ ወንበሩም ከጠረጴዛው ተስቦ ይጠብቃታል። አሮጊቷ እንቁላሉን የሚልጡት ቀስ ብለው ነው፤ ከቅርፊቱ ስር ያለችውን ስስ ሽፋን ሳይቀር በጥፍራቸው እያነሱ፣ ለሕፃን እንደሚላጥ አድርገው።

«ምነው እማዬ፣ ምን ሆነው ተነሱ?»

«ቁጭ በይ።»

«እኔ እሠራው የለም እንዴ?»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። ብዪ።»

ተቀመጠች። አሮጊቷ ፊት ለፊቷ አልተቀመጡም፤ ከኋላዋ ቆሙና ፎጣውን ፈትተው ፀጉሯን ማድረቅ ጀመሩ። ምራት ሆና በኖረችበት ዘመን ሁሉ የእሳቸው እጅ ራሷን ነክቶት አያውቅም። ክፉ አማት ስለሆኑ አይደለም። አንድ ሰው መሃላቸው ቆሞ ሁለቱንም ሲወድ ስለኖረ፣ እነሱ እርስ በርሳቸው መነካካት አላስፈለጋቸውም ነበር። አሁን ያ እጅ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን እርጥበት ሳይቀር እየፈለገ ሲጠርግ፣ መድኃኒቱ አዞራቸው ይሆን ብላ ሰጋች። አንዱን እንቁላል ስትጨርስ ሁለተኛው ተላጠ። በቃኝ ብትል አልሰሟትም።

«ዛሬ ብዪ።»

«ዛሬ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ሰው በባዶ ሆዱ ከቤት አይወጣም። የሚገጥመው አይታወቅ።» ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «እህትሽ ዛሬ ብቅ አትልም?» አሏት።

«ኧረ እሷ ሥራ ላይ ናት። ለምን ፈለጓት?»

«ለምንም። ማታ ማታ ቤቱ ሰው ሲኖረው ደስ ይላል ብዬ ነው።»

ስልኳ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ተቀምጧል። ቻርጅ ላይ ትታው የነበረው መስኮቱ ደፍ ላይ መስሏት ነበር። «ስልክ ጠርቶ ነበር እንዴ?» ስትል አሮጊቷ ፎጣውን አጥፈው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉ። «የተሳሳተ ነው» አሉ። እሷም ሰዓቷ ስለደረሰ ኮቷን ደረበች። አሮጊቷ እስከ በሩ ተከትለዋት የኮቷን የላይኛ ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉላትና፣ በሩ ከተዘጋ በኋላም ከወዲያ በኩል እንደቆሙ ቀሩ። ደረጃውን ስትወርድ ወደ ውስጥ የሚመለስ ኮቴ አልሰማችም።

ትምህርት ቤት ስትደርስ እንደ ልማዷ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ኬሚስትሪው ላቦራቶሪ ነው። ከብልቃጦቹ ቁም ሳጥን ጀርባ ጥቁር ቀሚሷ ተሰቅሏል። እዚያ ቀይ ሹራቧን አውልቃ ጥቁሩን ትለብሳለች፤ ማታ ደግሞ ጥቁሩን ሰቅላ ቀዩን ለብሳ ትወጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ በገዛ ቤቷ ጥቁር ለብሳ፣ ድምፅ አውጥታም አልቅሳ አታውቅም። የባሏ እናት ልጃቸው መሞቱን አልሰሙማ። እሱ በድንገት የወደቀው እሳቸው ልባቸው ተከፍቶ በተሰፋበት ሳምንት ነበር። ሐኪሙ «ለጊዜው አታስደንግጧቸው» አለ፤ ያ «ለጊዜው» የት ላይ እንደሚያበቃ ግን አልተናገረም። ዋርሳዋ፣ ማለት የባሏ ታናሽ ወንድም፣ እዚያው ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቆሞ ለሁሉም ወሰነ። ባሏ የጉድጓድ ውሃ የሚያጠና ባለሙያ ነበርና፣ አልጋና ምድጃ የገጠመላትን ሚኒባሱን ይዞ ከከተማ ርቆ መክረሙ ለእናቱ አዲስ ነገር አይሆንም። ስለዚህ ሥራ ላይ ነው ተባለ። ስልክ የማይሠራበት በረሃ ገብቷል ተባለ። ዋርሳዋ በየጊዜው ብቅ እያለ «መልእክት ልኳል» ይልና ከስልኩ ያነብላቸዋል፤ የሚጽፈው ራሱ ነው። መጨረሻ ላይ «ለሚስቴም ሰላም በይልኝ» የሚል አይጠፋውም። ባሏ በሕይወት ዘመኑ ሚስቴ ብሎ ጽፎ አያውቅም፤ በስሟ ነበር የሚጠራት። አማቷ ደስ ብሏቸው ወደ እሷ ዞር ሲሉ ፈገግ ማለት አለባት፤ ፈገግም ትላለች። ሆድ ይፍጀው ማለት ምን እንደሆነ የገባት እነዚያን ፈገግታዎች ስትፈግግ ነው።

በመምህራን ክፍል የዕለቱ ወሬ ቲማቲም ነበር። የሂሳብ መምህሩ ዋጋው ከባለፈው ሳምንት በእጥፍ መጨመሩን ሲያሰላ፣ የስፖርት መምህሩ «እንግዲህ ቲማቲም በዓይን የሚበላ ሆነ» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስላልነበራት ልብሷን ቀይራ፣ ከባዱን ቻርጀር በከረጢት አንጠልጥላ ወደ መኪናዎቹ ግቢ አቀናች።

ግቢው ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ፣ ሰዎች የማይነዱትን መኪና በወር ኪራይ የሚያቆሙበት ሰፊ ሜዳ ነው። ወራሾች የሚከራከሩበት የጭነት መኪና አለ። ሥራው የቆመ የዳቦ ቤት ቫን አለ። ጎማዎቿ ወርደው በጎኗ ያዘነበለች፣ «ሙሽሮችን እናጓጉዛለን» የሚል ጽሑፍ ያለባት ነጭ መኪናም አለች። የባሏ ሚኒባስ በመጨረሻው ረድፍ፣ ግንቡን ተጠግታ ቆማለች። ዋርሳዋ እናቱ መኪናዋን ሰፈር ውስጥ እንዳያዩ ብሎ እዚህ አስቀመጣትና፣ «የሚገዛ እስኪገኝ ባትሪዋን ብቻ አደራ» ብሎ ቁልፉን ለእሷ ሰጣት። ሚኒባሷ ሁለት ባትሪ አላት፦ አንዱ ሞተሯን የሚያስነሳው፣ ሌላው መብራቷን፣ ትንሿን ማቀዝቀዣና የውሃ መሳቢያዋን የሚያሠራው። ይኸኛውን የግቢው ሰዎች የውስጡ ባትሪ ይሉታል። ያረጀውም እሱ ነው። ቆሞ የሚከርም ባትሪ ምንም ባይሠራበትም እንደሚደክም፣ ደክሞ ሲቆይም በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር እየደደረ እንደሚሄድና ከዚያ በኋላ ቢሞሉት እንደማይቀበል ለተማሪዎቿ ታስተምራለች። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ትለካዋለች፣ ቀስ ብላ ትሞላዋለች፣ ስትሄድ የኔጌቲቩን ገመድ ትፈታለች።

የግቢው ጠባቂ የመኪናዎቹን ትርፍ ቁልፍ ሁሉ በያዘው፣ ከወገቡ በማይጠፋው የቁልፍ ዘለላ ምክንያት ቁልፌ ይባላል። ሞልቶ ሲያበቃ ራሱን የሚያጠፋ፣ ከተሰካ ወራት ቢቆይ የማይጎዳ ቻርጀር እንድትገዛ ስንት ጊዜ መክሯታል። «ከዚያ በኋላ ዓመት ባትመጪም ችግር የለም» ይላታል። እሷም እስቲ አስብበታለሁ እያለች ታልፈዋለች፤ ቁልፌም ይህች መምህርት ገንዘብ ስትወድ ለጉድ ነው ብሎ ደምድሟል። የማያውቀው ነገር፣ ባትሪው እስኪሞላ የሚፈጀው ሰዓት እሷ ያላት ብቸኛ ሰዓት መሆኑን ነው። ቻርጀሩን ሰክታ፣ በሩን ከውስጥ ዘግታ፣ ከአልጋው ራስጌ ያለችውን ትንሽ አምፖል አብርታ ትቀመጣለች። እዚያ ታለቅሳለች። አንዳንዴም አታለቅስም፤ ትራሱ ላይ ጋደም ብላ የኪራይ ግቢውን ድምፅ ትሰማለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ አማቷ «ስብሰባ ነበራችሁ?» ይሏታል፤ «አዎ» ትላለች።

ቁልፌ ቀልደኛ ነው። በእሱ አፍ መኪና ሁሉ ሴት ነው፣ ባትሪ ሁሉ ባል ነው። ከግቢው የለመደው ይሁን ከሱ ግቢው የለመደው አይታወቅም እንጂ፣ ባለ መኪናዎቹም እንደሱ ነው የሚያወሩት። «ባልየው ደክሟል» ይላሉ። «ባልየው ማታ ጉልበት የለውም» ይላሉ፤ ይሳሳቃሉ። እሷ እንደማትስቅ ቁልፌ አስተውሏል፤ የተማረ ሰው ኩራት ነው ብሎ ትቶታል። ባል አላት የላትም ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም።

ዛሬ ገና ከበሩ ሲያያት መቀመጫው ላይ የነበረውን ካርቶን አነሣላት። «እታለም! መጣሽ? ነገሩሽ አይደል?»

«ማን? ምኑን?»

«እናትሽ ናቸው መሰለኝ። ጠዋት ደውዬ ነበር እኮ። መምህርቷ የለችም ወይ ስላቸው እየታጠበች ነው አሉኝ። ማነህ ልጄ ሲሉኝ የግቢው ጠባቂ ነኝ፣ እንግዲያው ይንገሩልኝ አልኳቸው።»

ከረጢቱን መሬት አስቀመጠች። «ምን ብለህ?»

«ምን እላለሁ? ያው ነዋ። ባልየው ሞቷል አልኳቸው። ከሞተም ቆይቷል፣ እኔ ዛሬ ነው ያየሁት፣ ይሄ ብርድ ነው የጨረሰው፣ መጥታ ታንሳው አልኳቸው።»

«ባትሪ አላልክም?»

«ኧረ ባልየው ስል ማን ያጣዋል!» ሳቀ። «እናትሽ ግን ጨዋ ሰው ናቸው፣ እታለም። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ የተቋረጠ መስሎኝ አሎ አሎ አልኩ። ከዚያ አሁን የት ነው ያለው አሉኝ። እኔው ጋ፣ መሬት ላይ እንዳይበርደው ጣውላ ላይ አድርጌዋለሁ አልኳቸው። ልጄ አንድ ነገር አልብሰው አሉኝ። ቃላቸው ነው፤ አንድ ነገር አልብሰው፣ ውለታህ አለብኝ፣ ለእሷ አንተ እንዳትነግራት፣ እህል ሳትቀምስ እንዳትሰማው፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አሉኝ። እኔ በዕድሜዬ ባትሪ አልብስ ያለኝ ሰው አልገጠመኝም። ግን ምን ላድርግ፣ እናት ናቸው፤ አለበስኩት።»

በክንዱ ወደ ግንቡ አመለከታት። ከግንቡ ስር፣ በሁለት ጣውላዎች ላይ፣ ቁልፌ ለማታ ጥበቃው የሚደርበው ግራጫ ብርድ ልብስ በአራቱም ማዕዘን ወደ ውስጥ ተጠቅጥቆ አንድ አጭር ነገር ሸፍኗል።

ክው አለች። የእንቁላሉ ሽፋን በጥፍር ሲነሳ ታያት። ዛሬ ብዪ። እህትሽ ዛሬ ብቅ አትልም? አሮጊቷ ልጃቸው ሞቶ አንድ ቦታ መሬት ላይ መጋደሙን ሰምተው፣ ስልኩን ስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀምጠው፣ ምራታቸው ሳትበላ እንዳትሰማ ብለው እንቁላል ሊልጡ ወጥ ቤት ገብተዋል። አላለቀሱም። የኮቷን ቁልፍ ቆለፉላት። እሷና ዋርሳዋ ይህን ሁሉ ወር ደካማ ናቸው እያሉ የደበቋቸው ሴትዮ፣ ዛሬ ጠዋት በበኩላቸው እሷን ደበቋት።

«ምነው እታለም? ለባትሪ እንዲህ ይሆናል እንዴ? አዲስ ይገዛል እኮ።»

«ቁልፌ» አለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደምትናገረው ቀጥ ያለ ነበር። «የኔ ባል ሞቷል። የእውነት። ስልኩን ያነሱት የእሱ እናት ናቸው፤ እስከ ዛሬ አልተነገራቸውም ነበር።»

ቁልፌ መጀመሪያ ሊስቅ ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ከተጣለ ጎማ ላይ ዘፍ አለ። ኮፍያውን አወለቀ። «ምነው ምላሴን በቆረጠው» አለ። ደጋግሞ አለው። ተነሥቶ ሄደና፣ የብርድ ልብሱ አንዱ ጫፍ በነፋስ ተገልጦ ኖሮ መልሶ ጠቀጠቀው።

ሚኒባሷ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ከልማድ የተነሣ የአምፖሉን ማብሪያ ተጫነችው፤ አልበራም። በመጋረጃው ቀዳዳ በሚገባው ቀጭን ብርሃን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለዋርሳዋ ደወለች። ነገሩን በአጭሩ ስትነግረው እስከ መጨረሻው አላቋረጣትም፤ ስትጨርስ በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማት።

«እሰይ!» አለ። «እሰይ፣ ተርፈናል። ባትሪ ነው በያት። እውነትም እኮ ባትሪ ነው! መዋሸት እንኳ አያስፈልግሽም።»

«የምን ባትሪ ይሉኛል። መኪናዋ እሱ ጋ ናት ብለን የለም?»

«የሌላ ሰው በያት። የትምህርት ቤቱ በያት። የጀነሬተር። አንቺ መምህር አይደለሽ እንዴ፣ አንድ ነገር አይጠፋሽም።»

«አንተ፣ እናትህ ከጠዋት ጀምሮ ብቻቸውን ናቸው። ሰምተው፣ ብቻቸውን።»

ከጀርባው የመሥሪያ ቤቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ሲመልስላት ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ብትሞትብኝስ? እሱን ቀብሬ እሷን ልቅበር? ለኔስ ወንድሜ አልነበረም? እኔ እንደሆነ ሌት ተቀን የሱን መልእክት ስጽፍ…» አልጨረሰውም። «እባክሽ። ማታ እስክመጣ ባትሪ ነው በያትና እንደር።»

እሺም እምቢም ሳትለው ስልኩን ዘጋች። አምርራ ልትጠላው ሞከረች፤ አልሆነላትም። መውጫዋ ላይ ቁልፌ ቆሞ ጠበቃት፤ ባትሪውን ምን እንዳደርገው ትፈልጊያለሽ ሊላት ይመስል አፉን ከፍቶ ተወው። ቻርጀሩን እዚያው ትታለት ወጣች።

እስከ ቤት በእግሯ ሄደች። መንገዱ ሙሉ የምትናገረውን ታዘጋጅ ነበር፤ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ዓይነት ቃል፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ስትደርስ ሌላ ዓይነት። የትምህርት ቤቱ ጀነሬተር ባትሪ ነው እማዬ፤ እዚያ ግቢ ያሉ ሰዎች ባትሪን ባል ነው የሚሉት፤ ይገርማል አይደል? ይሄን ስትላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ፣ ሳቃቸውም እንዴት እንደሚያመልጣቸው ታያት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ አሮጊቷ ልጃቸውን መልሰው ያገኙት ነበር። እሷም ነገ ቀዩን ሹራቧን ለብሳ ልትወጣ ነው። ከነገ ወዲያም። ደረጃው ስር ቆማ ይህን አሰበች፤ ከዚያ ወጣች።

ቤቱ ተጠርጓል። ሁልጊዜ የሚንጫጫው ሬዲዮ ጠፍቷል። አሮጊቷ የሆስፒታል ቀጠሮ ሲኖራቸው የሚለብሱትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ሳሎን ተቀምጠዋል። ሌላ ወንበር ከእሳቸው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ፣ መሃሉ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ ጋደም እንዳላሉ አልጋቸው ይናገራል፤ በተከፈተው በር አንሶላው ጠዋት እንደተነጠፈ ይታያል።

«ነይ። ኮትሽን አውልቂ። በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«መድኃኒቴን ውጫለሁ፣ በኔ አትስጊ። ቁጭ በይ። ውሃ ጠጪ።»

ጠጣች። አሮጊቷ ብርጭቆውን ተቀብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡና ሁለት እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። የተናገሩት ሲያጠኑት የዋሉትን ነው፤ በየመሃሉ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ሳይቀር የተወሰነ ነበር። «ጠዋት ስልክ ተደውሎ ነበር። የተሳሳተ ነው ያልኩሽ፣ የተሳሳተ አልነበረም። እህትሽ ብቅ አትልም ያልኩሽም ለዚህ ነው። ይዤሻለሁ፤ አትፍሪ። ልጄ… ልጄ ሞቷል።» የመጀመሪያው ልጄ እሷ ነበረች፤ ሁለተኛው እሱ። «ባልሽ ሞቷል፣ የኔ ልጅ።»

ባትሪ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር። አፏንም ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ከሷ መውጣቱን አላወቀችም። ያን ሁሉ ወር በሚኒባሷ ትራስ ውስጥ ያፈነችው ሳይሆን፣ ጎረቤት የሚሰማው፣ ደረጃ ላይ ያለ ሰው የሚያስቆም ዋይታ ነበር። አሮጊቷ ወደ ደረታቸው ሳቧት፤ የቀዶ ጥገናው ስፌት ላይ ጉንጯ አረፈ። «አልቅሺ» አሏት፤ «አልቅሺ፣ እኔ አለሁ።» እሳቸው አላለቀሱም። ጀርባዋን ያሻሉ፤ ዛሬ እንባው ለሚስቲቱ ነው፣ የኔ ይደርሳል ያሉ ይመስል። እንዲህ ተይዛ ስንት እንደቆየች አታውቅም። ባሏ ዛሬ እንደሞተባት ነበር ያለቀሰችው፤ ደግሞም ዛሬ ነበር የተነገራት።

ለቅሶዋ ሲበርድ፣ አሮጊቷ ከራሷ በላይ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ጀመሩ። «ሰውየው ከሞተ ቆይቷል ነው ያለኝ። ከጠዋት ጀምሮ የምበላው የምጠጣው ይሄን ነው። ቆይቷል ማለት ምን ያህል ነው? ማንም ሳያገኘው? ብርዱ ነው የጨረሰው አለኝ። እናት እያለችው፣ ሚስት እያለችው፣ ልጄ ሜዳ ላይ ብቻውን እየበረደው…» የሚያሻው እጅ ቆመ። «ውሃ ቢጠይቅ የሚያቀብለው ነበር? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሰው በብርድ ሲሞት ያመዋል?»

ለዚህ አልተዘጋጀችም። በመንገድ ሁሉ ስታመዛዝን የዋለችው ባትሪ ነው ማለትንና ዝም ማለትን ነበር፤ ዝም ካለች እኚህ ሴትዮ ቀሪ ዕድሜያቸውን ልጃቸውን ሜዳ ላይ ጣውላ ላይ ተጋድሞ እንደሚያዩት አላሰበችም። ከደረታቸው ቀና አለች።

«አይደለም እማዬ። ብቻውን አልነበረም። አልበረደውምም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አጠገቡ ነበርኩ። እጁን ይዤው ነበር። በሰው፣ በወግ ነው የተቀበረው፤ ወንድሙ ነበር፣ ጓደኞቹ ነበሩ።»

አሮጊቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ዓይናቸው ከአንዱ ዓይኗ ወደ ሌላው ይመላለሳል። «መቼ?»

«እርስዎ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ።»

እጃቸው ከእጇ ቀስ ብሎ ወጣ። ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ተመለከቱት። እሷ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ «ለጊዜው»፣ ስለ ዋርሳዋ ፍርሃት ተናገረች፤ ስትናገረው ሁሉም ነገር ትንሽ ሆነባት። አሮጊቷ አቋረጧት።

«እኔ ስስቅ ነበር» አሉ። «በዚህ ቤት ውስጥ ስስቅ ነበር። ሰላምታ መጣ እያላችሁ አሳቃችሁኝ። ለሱ ካልሲ ሠራሁ። ልጄ አፈር ገብቶ እኔን አሳቃችሁኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ እማዬ።»

የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሡ፤ ልትደግፋቸው ስትል እጇን ገለል አደረጉት። ክፍላቸው ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለው ለቅሶ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ያለ ቃል፣ እንደ ማንጎራጎር ያለ። ከበሩ ደጃፍ ወለሉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። የመድኃኒቱ ሰዓት መቼ እንደሆነ፣ ትንፋሻቸው መሃሉ ላይ ቢቆራረጥ በሩን መክፈት ይገባት እንደሆን እያሰበች ጆሮዋን ጥላ ቆየች። መስኮቱ ጨለምለም አለ። መብራት ለማብራት አልተነሣችም።

ለቅሶው ቆመ። ቆይቶ ከበሩ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ቡናማውን ሹራብ።»

«እጅጌው የተተረተረውን?»

«ሰፍቼው ነበር እማዬ። አጥቤም ነበር።»

አልጋው ተንቋቋ፤ እግር ወለል ሲነካ ተሰማ፤ መጥቶ ከበሩ ወዲያ በኩል ቆመ።

«በሩ አልተቆለፈም» አሉ አሮጊቷ።